የአርበኛ የልጅ ልጅ ጫማ

ነፃነት ጥሩ ነገር ነው። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ከዚህ በኋላ የምለውን ሰምታችሁ እንዳትጠረጥሩኝ ነው። አያቴ በጣልያን ጊዜ ዱር ቤቴ ብለው ከራስ አበበ አረጋይ ጦር ጋር በመንዝና በተጉለት ገደል ለገደል ሲዞሩ፣ ቆሎ ቆርጥመው ዋሻ ሲያድሩ ከርመዋል። በሚያዝያ 1933 ጃንሆይ አዲስ አበባ ሲገቡ እሳቸውም ከዱር ገቡ። እንግዲህ ነፃነትን በሚመለከት ቤተሰባችን የሚወቀስበት የለም፤ ድርሻችንን ከፍለናል። የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ ያ ሁሉ ደም የፈሰሰው ደብረ ብርሃን ላይ አንድ የዐሥራ አምስት ዓመት ልጅ ሳጥን በቡሩሽ እየመታ እኔን እግር እንዲያስቀይረኝ ነው?

ሊስትሮ ፊት የተቀመጠ ሁሉ ነገሩን ያውቀዋል። ልጁ የቀኝ ጫማህን ጨርሶ ወደ ግራው ሊያልፍ ሲል «ይቅርታ፣ ሌላኛውን» አይልም። አንገቱንም ቀና አያደርግ። የቡሩሹን ጀርባ ሳጥኑ ላይ «ቋ!» ያደርጋል፤ አለቀ። ሚኒስትርም ሁን ቆሞስ፣ ኮሎኔልም ሁን ጡረተኛ፣ እግርህን አንሥተህ ሌላውን ታስቀምጣለህ። እኔ ሦስት መንግሥት አገልግያለሁ። ሦስቱም አዝዘውኛል፤ ያውም አብዝተው። ግን አንዳቸውም በ«ቋ» አላዘዙኝም። የታዘዝኩት በደብዳቤ ነው፤ ቁጥርና ቀን ባለው፣ ማኅተም ባረፈበት፣ ለሚመለከተው ሁሉ ግልባጭ በተደረገ ደብዳቤ።

ልጁ ከአንኮበር በኩል፣ ከጎረቤላ የመጣ ነው። ጠባሴ አክስቱ ቤት ያድራል። ግማሽ ቀን ኃይለ ማርያም ማሞ ይማራል፤ የቀረውን ግማሽ ቀን መናኸሪያው አጠገብ ሳጥኑን ዘርግቶ ይቀመጣል። ትምህርት ቤቱ የተሰየመው በአርበኛው በኃይለ ማርያም ማሞ ስም ነው። በአርበኛ ስም በሚጠራ ትምህርት ቤት የሚማር ልጅ የአርበኛ ዘር የማክበር ግዴታ አለበት ብዬ አምናለሁ፤ ይህን ግን እስካሁን ያስተማረው መምህር የለም።

ዋጋውን ልንገራችሁ። በእኛ ጊዜ ጫማ በስሙኒ ይጠረግ ነበር። ስሙኒዋንም የተቀበለ ልጅ አመስግኖ፣ እጅ ነሥቶ ነበር የሚያሰናብተው። ዛሬ 30 ብር ነው፤ እጅ መንሣት የለውም። ባለፈው የአርበኞች ቀን፣ ሚያዝያ 27፣ የአያቴን ሜዳይ ካፖርቴ ላይ ሰክቼ ወደ በዓሉ ስወጣ በጭቃ ጫማ ሰንደቅ ዓላማ ፊት መቆም አልፈለግኩም። ልጁ ዘንድ ተቀመጥኩ። ዋጋውን ሲነግረኝ ሜዳዩን በጣቴ ነካ ነካ አደረግኩለት።

«ለአርበኛ የልጅ ልጅም 30 ብር ነው?»

ሜዳዩን አየት አድርጎ ወደ ቀለሙ ተመለሰ። «አባባ፣ የኔም ቅድመ አያት አርበኛ ነበሩ። ለእርስዎ በአያትዎ ልክ ከቀነስኩልዎ፣ እኔ ደግሞ በቅድመ አያቴ ልክ ልጨምር ነው።»

ለዚህ ምን ይባላል? ሰሜን ሸዋ ውስጥ አያቱ አርበኛ ያልነበረ ሰው እስከ ዛሬ አላጋጠመኝም። መንዝ ብትሄዱ አርበኛ ነው፤ ቡልጋ ብትወርዱ አርበኛ ነው፤ መርሐ ቤቴ ብትሻገሩም ያው። ያ ሁሉ ባንዳ የማን አያት እንደነበረ እንጃ። ሁላችንም ቅናሽ ከተገባን ሙሉውን ዋጋ የሚከፍለው ማን ሊሆን ነው? ልጁ ነገሩን ከእኔ ቀድሞ አስቦት ኖሮ መልሴን አልጠበቀም። ቋ!

ጎረቤቴ ጡረታ የወጣ የታሪክ መምህር ነው። እንዲያጽናናኝ ብዬ ነገርኩት። የታሪክ መምህር አያጽናናም። ሻዩን እያማሰለ ጣልያን በ1931 ስላወጣው ሕግ ያወራኝ ጀመር። የዘር ክብርን ለማስጠበቅ ተብሎ የወጣ ሕግ ነው፤ በዚያ ሕግ አንድ ጣልያናዊ በኢትዮጵያዊ ሥር ተቀጥሮ ሲሠራ ቢገኝ ይቀጣል። ነጭ ለአገሬው ሰው ሲያገለግል ከታየ ግርማው ይገፈፋል፣ የተገፈፈ ግርማ ደግሞ አገር አይገዛም ብለው ሰግተው ነው።

«ይኸውልህ!» አልኩት። «ፋሺስት እንኳ ማን አገልጋይ፣ ማን ተገልጋይ እንደሆነ መለየት እንዳለበት ያውቅ ነበር።»

ጎረቤቴ ማማሰሉን ትቶ አየኝ። «እነሱ ሕጉን መጻፍ ግድ ሆነባቸው፤ እኛ ሳንጽፈው ነበር ስንሠራበት የኖርነው» አለ።

ከዚያ ወዲህ ሻይ የምጠጣው ቤቴ ነው።

ቤት መዋል ግን ክፉ ነው፤ ያሳስባል። እኔ ራሴ የአንኮበር ተወላጅ ነኝ። ዛሬ ሰው አንኮበርን የሚያውቃት ቱሪስት ኮረብታው ላይ ወጥቶ ፎቶ ሲነሣ፣ በምኒልክ ቤተ መንግሥት ቦታ ላይ በቆመው ሎጅ ቡና ሲጠጣ ነው። እኛ የምናውቃት የሸዋ ነገሥታት መናገሻ እያለች ነው። ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ በ1834 ከእንግሊዝ ጋር የወዳጅነትና የንግድ ውል ተፈራርመዋል። የንግድ ውል ነው የምላችሁ! ከሎንዶን ጋር የንግድ ውል የተፈራረመ አገር፣ ነጋዴን ግን ከማዕዱ ዳር ነበር የሚያስቀምጠው። ከተራራው ሥር አልዩ አምባ ገበያ ላይ ጨውና ቡና ሲቸበቸብ የእኛ ሰው ወርዶ ይሸምታል፤ መሸጥ የሌላ ሰው ሥራ ነው። ሻጩ ሲከብር ደግሞ «ምን ቢደረግ ነው?» ብለን እንጠይቃለን።

በዚያው በሣህለ ሥላሴ ዘመን አንድ አርመናዊ እህል የሚፈጭ ወፍጮ ሠርቶ ነበር። ካህናቱ አዩትና የሰይጣን ሥራ ነው አሉ። ወፍጮው ቀረ፤ ሴቶቹም እንደገና በድንጋይ ወፍጯቸው ላይ አጎነበሱ። ሰው ይህን ሲያወራ በካህናቱ ይስቃል። እኔ አልስቅም። ደብረ ብርሃን ላይ ከረጢት ተሸክማችሁ ወፍጮ ቤት ሄዳችሁ፣ መብራት ጠፍቶ፣ ወረፋው አስፋልት ደርሶ ስታዩ የማን ሥራ እንደሆነ ይገባችኋል።

በእጅ ሥራውም ያው ነበር። እኒያ ሜዳይ ያላቸው አያቴ ማረሻ የሚቀጠቅጥላቸው፣ ጦራቸውን የሚስልላቸው ብረት ሠሪ ነበራቸው። ማረሻውን ከእጁ ይቀበላሉ፤ ዋጋውን በእህል ይሰፍሩለታል፤ ከዚያ እኛን ልጆቹን በጋቢያቸው ሸፍነው «ዐይኑን እንዳታዩ» ይሉናል። በዚያ ማረሻ ከታረሰው መሬት የመጣውን እንጀራ ስንበላ ግን የሚሸፍነን አልነበረም። ይህን ነገር ምኒልክ አሳምረው ያውቁት ነበር፤ አንጎለላ ተወልደው አንኮበር ላይ የነገሡ ሰው እንዴት አያውቁት? በ1900 አዋጅ አስነገሩ፦ ብረት ሠሪውን በብረት ሠሪነቱ፣ ሸማኔውን በሸማኔነቱ፣ ነጋዴውን በነጋዴነቱ የሚሰድብ አንድ ዓመት ይታሰር አሉ። ከዐድዋ ዐሥራ ሁለት ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። ጣልያን በአንድ ቀን ውሎ ተመታ፤ የእኛን ምላስ ለመምታት አዋጅ እንኳ አልበቃም። ባለቤቴ «ያ አዋጅ ዛሬ ቢሠራ እኔ አንቱን ስንቅ ሳመላልስ ባረጀሁ ነበር» ትለኛለች። የምትለኝ ሁልጊዜ ጫማዬን አድርጌ ልወጣ ስል ነው።

ወደ ልጁ ልመለስ። እኔ በንብረት ክፍል ስለሠራሁ ያየሁትን መቁጠር ልማዴ ነው፤ ሳጥኑንም ቆጥሬዋለሁ። ከላይ ቡሩሽ፣ ኪዊ፣ ጨርቅ፣ በሃይላንድ የተሞላ የሳሙና ውሃ። በመሳቢያው ማስቲካ፣ ሶፍት፣ የሞባይል ካርድ። ከሥር ማስቲሽና መርፌ፤ ሶል ይለጥፋል፣ የተተረተረ ይሰፋል። በስተቀኝ የሰው ሚዛን። በስተግራ ስልክ የሚሞላበት ፓወር ባንክ። ሰዉ ሁሉ ቆዳ ጫማ ትቶ ስኒከር ማድረግ ሲጀምር ይኼ ልጅ ከሥራ ይወጣል ብዬ ነበር። ማታ ስኒከሩን ሰብስቦ ወስዶ አጥቦ ጠዋት ይመልስ ጀመር። ይህን ሳጥን ብሎ መጥራት ይከብደኛል፤ ኮርፖሬሽን ነው።

በደርግ ጊዜ ቢሆን ልኩን ያውቅ ነበር። በ1968 በወጣው አዋጅ ቁጥር 76 አንድ ሰው ከአንድ በላይ የንግድ ፈቃድ አይይዝም፤ የችርቻሮ ነጋዴም ካፒታሉ ከ200,000 ብር አይበልጥም። የካፒታሉስ ይለፈው። ጠረጋው አንድ፣ ችርቻሮው ሁለት፣ ጥገናው ሦስት፣ ሚዛኑ አራት፣ መብራት ማከፋፈሉ አምስት። አምስት ሥራ በአንድ ሳጥን! ይህን ሳስረዳው «ያኔ እርስዎ ምን ይሠሩ ነበር?» አለኝ። አዋጁ የሚፈጸምበትን ዶሴ እይዝ ነበር አልኩት። «ጫማዎንስ ማን ይጠርግልዎ ነበር?» አለ። ሊስትሮ ነዋ! ሌላ ማን ሊሆን ኖሯል? የሚወረስ ነገር ሳይኖረው የቀረ እሱ ብቻ ነበር።

አሁን ደግሞ ኪዊ ተወደደ ሲለኝ ምክንያቱን ጨምሮ ነው። ሐምሌ 2016 የዶላር ዋጋ በገበያ ይወሰን ከተባለ በኋላ አስመጪው ምን እንዳደረገ፣ ከአስመጪው የተቀበለው አከፋፋይ ምን እንዳሰበ፣ ይህ ሁሉ ዞሮ ዞሮ የእኔ ግራ ጫማ ላይ እንዴት እንደደረሰ ይተነትንልኛል። እኔ በወጣትነቴ ዶላር 2 ብር ከ7 ሳንቲም ነበር። ሄዶ አይመጣ፣ ወጥቶ አይወርድ፤ እዚያው ይኖር ነበር። ሊስትሮም ስለ ዶላር አያውቅም፤ ሁሉም ቦታ ቦታውን ይዞ ነበር።

ዝርዝር የለኝም ማለትስ? ያችን ዘዴ እኔ ብቻ አይደለሁም፣ አገሩ በሙሉ ይጠቀምባት ነበር። መቶ ብር ታወጣለህ፣ ልጁ ዝርዝር ፍለጋ ይሮጣል፣ አጥቶ ይመለሳል፣ «በሌላ ቀን» ብለህ ትሄዳለህ። በ2013 ቴሌብር መጣ፤ ያች ዘዴ ሞተች። ቁጥሩን ሳጥኑ ላይ ለጥፎታል፤ የሚያነበው የሚያስጠርገው ሰው ነው፣ ልክ በዐይንህ ትይዩ።

አንድ ቀን ከጥቃቅንና አነስተኛ ናቸው የተባሉ ሰዎች መጥተው ከአራት ልጆች ጋር ተደራጅ አሉት። እኔ ደስ አለኝ፤ አምስት ሆነው ስብሰባ ሲቀመጡ፣ ቃለ ጉባኤ ሲይዙ፣ ሊቀ መንበር ሲመርጡ ታየኝ። ያን ጊዜ ሰው ይሆናል ብዬ ተስፋ አደረግኩ። ልጁ አዳምጦ ሲያበቃ «እኔ ብቻዬን ተደራጅቻለሁ» አለ። ሐሳቡ ሌላ ነው። በአክስቱ ስም ፈቃድ አውጥቶ፣ ግብር ከፋይ ሆኖ፣ ኮንቴነር ሱቅ ሊከራይ ነው። ግብር ለመክፈል የሚመኝ ፍጡር እሱን አየሁ። በ2009 ክረምት የቀን ገቢ ግምት ሲወጣ ስንቱ ነጋዴ ሱቁን ዘግቶ እንደጮኸ ስነግረው «ሱቅ ስላላቸው ነዋ የዘጉት» አለኝ።

ይህን ሁሉ እችለው ነበር። ያልቻልኩትን ልንገራችሁ።

ሰኔ ላይ ነው፤ የበረሳ ወንዝ ንፋስ ጆሮ ይቆርጣል። ተቀምጬ ቀኝ እግሬ ተጨርሶ ግራው ላይ ነን። አንድ ትልቅ መኪና መጥቶ ቆመ። መስታወቱ ግማሽ ድረስ ወረደ፤ ከውስጥ ጣት ወጥታ «ና!» አለች። እንዲህ ያለች ጣት እኔ አውቃለሁ። በሥራ ዘመኔ ስንት ጊዜ ተከትያታለሁ። ልጁ ቀና ብሎ አየና «ሳጥኑ እዚህ ነው» አለ። ብሎም ወደ ግራ ጫማዬ ተመለሰ። እኔ ልቤ ቆመ። አሁን መኪናው ይሄዳል፣ ወይም ሰውዬው ወርዶ በጥፊ ይለዋል ብዬ ስጠብቅ በሩ ተከፈተ። ሰውዬው ሱፉን ሰብስቦ ጭቃውን እየዘለለ መጣ።

ምን ሆንኩ መሰላችሁ? ብድግ አልኩ። አንድ እግሬ የተወለወለ፣ አንድ እግሬ ሳሙና የተቀባ፣ ካፖርቴን ቆልፌ፣ በርጩማዋን ለቀቅኩለት። ሰውዬው ማን እንደሆነ ዛሬም አላውቅም። ልጁ በቡሩሹ ወደ በርጩማዋ ጠቆመኝ፤ «አባባ፣ ይቀመጡ እንጂ፤ እርስዎን አልጨረስኩም» አለ። ሰውዬውን ደግሞ «ጋሼ፣ ከሳቸው ቀጥሎ ነዎት» አለው። ሰውዬውም ቆመ። በብርድ! እኔ ተቀምጬ፣ ባለመኪናው ቆሞ፣ የሚጠረገው የእኔ ጫማ ነው። እንዲህ ያለ ጭንቅ አይቼ አላውቅም። ቶሎ በል ብዬ ስለምነው ሥራ ይበላሻል ብሎ እንቢ አለኝ።

በማግስቱ ሄድኩ፤ ለአንድ ሁለት ነገር ላስተምረው። የለም። በሦስተኛው ቀን አገኘሁት።

«የት ነበርክ?»

«ፈተና ነበረኝ።»

«ማንን አስፈቅደህ?»

ጥያቄው አልገባውም። ሊያስቀኝ የፈለግኩ መስሎት ሳቀ። ማንን ያስፈቅድ? ሳጥኑን ዘግቶ ሄደ፣ ከፍቶ መጣ። እኔ እናቴ አንኮበር ስታርፍ እሠራበት በነበረው መሥሪያ ቤት የፈቃድ ማመልከቻ በሦስት ቅጂ አስገብቻለሁ። ኃላፊው መስክ ወጥተው ነበርና እስኪመለሱ ዶሴው ጠረጴዛ ላይ ተኛ። ተፈርሞ ሲወጣ «ተፈቅዷል» ይላል፤ በቀይ እስክሪብቶ፣ ጥሩ የእጅ ጽሑፍ ነበራቸው። ለዐርባዋ ደረስኩ።

ይህንን ለልጁ አልነገርኩትም። ነፃ አገር ነው፤ ሁሉን መናገር ግዴታ የለብኝም።

እንግዲህ የመጨረሻውን በደል ስሙ። የልጅ ልጄ ከዩኒቨርሲቲ በማኔጅመንት ተመርቋል። ፎቶው ሳሎን ተሰቅሏል፤ ባርኔጣው ትንሽ ዘመም ያለ ነው። ከተመረቀ ወዲህ ሥራው ማስታወቂያ ሰሌዳ ማንበብ ነው። ታገሥ፣ መንግሥት አይረሳህም እለዋለሁ። ይህንኑ ለአንድ ወዳጄ በርጩማዋ ላይ ሆኜ ሳወራ ልጁ ሰምቶ ኖሯል።

«አባባ፣ ሁለተኛ ሳጥን አሠርቻለሁ» አለ። «ብርድ ልብስ ፋብሪካው በር ላይ ላቆም ፈልጌ ሰው አጥቻለሁ። ፈረቃ ሲቀየር ብዙ እግር ይወጣል። የልጅ ልጅዎን ይላኩልኝ። ሰባው ለሱ፣ ሠላሳው ለኔ።»

ብርድ ልብስ ፋብሪካው በ1957 ሲከፈት እኔ ዐይቼዋለሁ፤ የአገር ኩራት ነው። በሩ ላይ የእኔ የልጅ ልጅ ሊቀመጥ! ጫማዬን ሳላስጨርስ ተነሥቼ ቤት ገባሁ። ለባለቤቴ ነገርኳት፤ የሰፈሩ ሰው በሙሉ እንዲሰማ አድርጌ ነው የነገርኳት። «የአርበኛ ዘር የሰው ጫማ ሊጠርግ ነው!» አልኩ።

«አርበኛውስ ጫማ መች ነበራቸው?» አለች፤ ሽሮዋን እያማሰለች።

የልጅ ልጄ ከሶፋው ላይ ስልኩን አስቀምጦ ቀና አለ። የተናደደ መስሎኝ ደስ አለኝ።

«ሰባ ሠላሳ ነው ያለው?» አለ። «ሰማንያ ሃያ አይሆንም?»

ማኔጅመንት የሚባለው ትምህርት ይህ ከሆነ እኔ የከፈልኩትን የታክሲና የፎቶ ኮፒ ይመልሱልኝ። ሰኞ ሄደ። ሰባ አምስት ሃያ አምስት ተስማምተዋል፤ ሳምንት በሳምንት ሒሳብ ይተሳሰባሉ፤ አለቃው ታናሹ ነው። ጎረቤቴ የታሪክ መምህሩ ይህን ሰምቶ «እንኳን ደስ አለህ» ሊለኝ መጣ። ሻይ አላቀረብኩለትም።

ፋብሪካው በር ድረስ የሄድኩት ለማየት አይደለም። ወደዚያ ጉዳይ ነበረኝ። ፈረቃ እየተቀየረ ነበር፤ ሠራተኛው ወረፋ ይዟል፤ የእኔው ሰው ክንዱን ሰብስቦ ይቦርሻል፤ ከአንዷ ጋር እየተሳሳቀ፣ አንዱን እያስታወሰ። ሰሌዳ ሲያነብ እንዲህ ሲስቅ አላየሁትም። አየኝና ተራዬን ጠብቄ እንድቀመጥ አደረገ። ጠረገልኝ። ሥራውን መካድ አልችልም፤ የቀኙ ከግራው የተሻለ ነው።

ስጨርስ እጄን ወደ ኪሴ ሰደድኩ፤ ቀስ አድርጌ፣ እንዲያየኝ። «ለአያትህም ይከፈላል?»

«አባዬ፣ የቤተሰብ ዋጋ ይኑር አይኑር አላውቅም። ቆይ፣ አለቃዬን ልጠይቀው» አለና ደወለ። ድምፁን ከፍ አድርጎ ስለሚያወራ የዚያ ልጅ መልስ እኔም ጋ ደረሰ፣ ወረፋው ጋም ደረሰ።

«የአባባ? ቅናሽ የለም በላቸው። ግን የግራው ሶል ሊለቅ ነው፤ ያን ቀን ተነሥተው ሲሮጡ አይቼዋለሁ። ማስቲሽ አድርግበትና ደህና አድርገህ ተጫነው። 50 ብር ነው፤ ለብቻው።»

ሰማችሁ? ለብቻው!